ሁለት ስለት ያለው ጫማ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? የምጠይቀው ስለ ግራው ነው፤ ቀኙ ድሮም አያስቸግርዎትም ነበር። ዓይንዎስ? መነጽርዎን በየቦታው እየጣሉ አሁንም ቤቱን ያምሳሉ ወይስ እትዬ በክር አስረው አንገትዎ ላይ አንጠለጠሉልዎት? ለእሳቸውም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። ወገቤንም የሚያመኝ ጎንበስ ስል ብቻ ነው፤ ሥራዬ ደግሞ መጎንበስ ስለሆነ ምን ያህል ደህና እንደሆንኩ እርስዎ ይገምቱት።

ስልክ ስደውል ስለሚዘጉብኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ ይህን ጻፍኩ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ለመቅደድ ቢያስቡ እንኳ ከየት እንደሚጀምሩ ለማየት አንድ ጊዜ መግለጥዎ አይቀርም።

ለጠብ አይደለም የመጣሁት። አንድ የሙያ ነገር ገጠመኝ፤ ለማን ልንገረው ብዬ ሳስብ ብረት የሚያውቅ ዘመድ ከእርስዎ ሌላ የለኝም። በልጅነቴ «አቶ ለምን» ብለው ስም ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ልጅዎ በአገራችን የሴቶች የበረዶ ሆኪ ቡድን ውስጥ በረኛ መሆኗን ያውቃሉ። «ልጄ ላይ ሲወረውሩባት ቆሜ አላይም» ብለው ከእሷ ጋር ይህን ነገር ማንሳት ከተዉ ዓመት አልፎዎታል። እኔ ግን ሰምቼ መቀመጥ አልቻልኩም። በረዶን ከማቀዝቀዣ ውስጥ ሲወጣና ከሰማይ ሲወርድ እንጂ በማናውቅበት አገር ብሔራዊ የበረዶ ቡድን ከየት መጣ? ሄጄ አየሁት።

አዳራሹ ድሮ የሥጋ ማከማቻ ነበር። የሥጋ መስቀያው ብረት እስካሁን ጣሪያው ላይ አለ። በረዶውን የሚሠራውም ያው የድሮው የማቀዝቀዣ ሠራተኛ ነው፤ ሥጋውን ትቶ ውሃውን ያዘ። ቀዩና ሰማያዊው መስመር በበረዶው ላይ የተቀባ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ በውስጡ ነው። ውሃ በስሱ ያፈስና ያረጋዋል፣ ይቀባዋል፣ ከዚያ እንደገና እላዩ ላይ ያፈስበታል። ስንት ጊዜ ብዬ ብጠይቀው አሥራ ስምንት ጊዜ አለኝ። ለምን አሥራ ሰባት አይሆንም ብዬ ብጠይቀው ትቶኝ ሄደ።

የሚመቱት ነገር ኳስ አይደለም። የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የሚያክል ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ነው፤ በቆልማማ ዱላ ሲመቱት ዓይን አይከተለውም። የሚመቱት ሴቶች ደግሞ አንዷ ነርስ፣ አንዷ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ፣ አንዷ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ሁለቱ እህትማማች ዳቦ ጋጋሪዎች ናቸው። አብዛኞቹ መንሸራተትን የተማሩት መኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ፣ ከሥሩ ተሽከርካሪ ጎማ ባለው ጫማ ነው። ልጅዎን «መዝጊያ» ነው የሚሏት። ያን ሁሉ ትራስ የመሰለ ነገር ለብሳ በሯ ላይ ስትቆም እውነትም ከመዝጊያ ሌላ ስም አይገኝላትም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በራሳቸው በረዶ ላይ ከሌላ አገር ቡድን ጋር የሚያደርጉት የመጀመሪያ ጨዋታ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጫማዎቹ ከውጭ በስጦታ የመጡ አሮጌዎች ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው ብረት ዶልዱሟል። መሳያው ማሽን ይመጣል ይመጣል ሲባል ቀረ። ታዲያ ልጅቷ ተነስታ አጎቴ ቢላ ይስላል አለቻቸዋ። ሃያ ጥንድ ጫማ በሁለት ማዳበሪያ ተጭኖ ሱቄ ደረሰ።

ሦስት ቀን ሳልኩ። እንዴት አድርጌ እንደሳልኩት አይጠይቁኝ። ከግራም ከቀኝም አቅጥኜ፣ ጫፉን እንደ ሉካንዳ ቢላ አድርጌ አወጣሁት። የእጄን ፀጉር ይላጫል፣ ጋዜጣ አየር ላይ ይቆርጣል። አባባ ቢያዩት አንዴ በጥፍራቸው ነካ አድርገው ዝም ይሉ ነበር፤ የእሳቸው ምስጋና ዝምታ እንደነበር ያውቃሉ።

ጠዋት ሄጄ አዳራሹ ዳር ቆምኩ፤ መቼም ሰው ሥራውን ሲያይ ደስ ይለዋል። ነርሷ ቀድማ ገባች። ቀጥ ብላ ሄደች፣ ሄደች፣ መታጠፍም መቆምም አቅቷት ከግድግዳው ጋር ተጋጨች። እህትማማቾቹ ተቃቅፈው ወደቁ። ልጅዎ በሯ ጋ ለመድረስ ሦስት ጊዜ ወድቃ በመጨረሻ በዳዴ ደረሰች።

አሠልጣኙ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አንዱን ጫማ ገልብጦ ወደ መብራቱ አነሳና ይህ ግሩም ቢላ ነው አለኝ። ከዚያ ጣቱን በብረቱ ላይ እያስኬደ አስረዳኝ። ለካስ የበረዶ ጫማ ሁለት ስለት ነው ያለው፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። በመካከላቸው በቁመቱ የሚሄድ ስስ ጎድጓዳ አለ። ሰውን በበረዶ ላይ የሚይዘው ያ ጎድጓዳ ነው፤ እሱ ከሌለ ስለቶቹ የሉም። እኔ ደግሞ ሁለቱን አጣብቄ አንድ አደረግኋቸው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ነው። ጫማዎቹ ካልተስተካከሉ ጨዋታው ይቀራል፤ ጨዋታው ከቀረ ቡድኑ ከውድድሩ ይሰረዛል። ልጅዎ አራት ዓመት የለፋችበት ነገር በአጎቷ እጅ ሊበላሽ ነው።

ወንድም ጋሼ፣ ጎድጓዳ በጠፍጣፋ ድንጋይ አይወጣም። ክብ ድንጋይ ይፈልጋል፤ አውራ ጣት የሚያክል ውፍረት፣ ስንዝር የሚያክል ርዝመት ያለው፣ አባባ የአናጢዎችን ጎድጓዳ መሮ ይስሉበት የነበረው ዓይነት። የት እንዳለ እኔም አውቃለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ። ዕቃቸውን ስንካፈል እርስዎ ደረሰዎት። ሙያውን ትተው መጋዘን ሊጠብቁ እየሄዱ ድንጋዩን የሚወስዱት መሳቢያዎን ሊስሉበት ነው ወይ ብዬ ሰው ፊት የተናገርኩዎት እኔ ነኝ። ከአባባ እጅ የቀረዎት እሱ ብቻ መሆኑን ያኔ አላሰብኩም። ሰባት ዓመት ሙሉ አፍሬበታለሁ፤ ይኸው አሁን ጻፍኩት።

ይህን ሁሉ ለልጅዎ አልነገርኳትም። ያልኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ሥራ የሚሠራ ድንጋይ አባትሽ መሳቢያ ውስጥ አለ አልኳት። እሷም ለአባቷ ስለዚህ ጨዋታ ትንፍሽ እንደማትል ነገረችኝ። እናቷን ግን በየቀኑ እንደምታናግር አውቃለሁ።

ይህን ባልኳት በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ የበሩ እጀታ ላይ አንድ ጥቅልል ነገር ተንጠልጥሏል። ስም የለው፣ ወረቀት የለው። በጋዜጣ ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሯል። ቋጠሮውን ሳይ አወቅሁት። አባባ የደንበኛ ቢላ ሲያስሩ ሁለት ዙር አዙረው ከሥር መልሰው የሚያወጡትን፣ አንድ ጫፍ ሲስቡት ሙሉውን የሚፈታውን ቋጠሮ ያስታውሳሉ? እሱን የምናውቅ በሕይወት ያለን ሁለት ሰዎች ብቻ ነን ብዬ ነበር የማምነው። አንዱ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ለራሴ ዕቃ አስሬ በራሴ በር ላይ አልሰቅልም።

ማን እንዳመጣው አላውቅም እላለሁ፤ አመስጋኝ ግን ነኝ። ያመጣውን ሰው ካወቁት ይህን ይንገሩልኝ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ጫማዎቹ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ያሾልኩትን ፍቄ ጠፍጣፋ አደረግሁት፤ ቀጥሎ በአባባ ድንጋይ መሃሉን ቀስ እያልኩ ጎደጎድኩት። ሁለቱ ስለት እኩል መሆኑን የማየው የክብሪት እንጨት አግድም አስቀምጬ ነው። እንጨቱ ወደ አንዱ ጎን ካዘነበለ አንደኛው ከፍ ብሏል ማለት ነው። አንዱን ወንድም አብልጬ ሌላውን እንዳላሳንስ ተጠንቅቄ ሠራሁ።

ልጅዎ ጫማዋን ልትወስድ ስትመጣ ሲባጎው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አየችው። አነሳችና እጇ አንጓ ላይ ሁለት ዙር አዙራ፣ ከሥር መልሳ አሰረችው። ሦስተኛ ሰው ነበረ ለካ። የትምህርት ቤት ደብተሯን በዚያ ቋጠሮ ማን ያስርላት እንደነበረ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታው ሆነ። ከታች እኔ፣ የማቀዝቀዣው ሠራተኛና የትኬት ቆራጯ ሰፈር በሙሉ ነበርን። ከላይ፣ በመጨረሻው ረድፍ፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ጎማዋ ወደ እኛ በር በመጣች ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እንግዶቹ ብርቱዎች ስለነበሩ ጎማዋ ከእኛ በር አልጠፋችም፤ ሰውዬውም ጨዋታውን በሙሉ ግድግዳ ሲያይ ዋለ ማለት ይቻላል። ማን እንደሆነ አላውቅም። ደረጃ ሲወርድ ብቻ ግራ ጉልበቱን ያዝ ያዝ ያደርግ ነበር።

ለመጻፍ የተነሳሁትም ለዚህ ነው። ያ ሰው የወጣው ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ አዳራሹ በአንድ ድምፅ ሲጮህ ነው። ፊቱ ወደ ግድግዳ ስለነበር ልጅቷ የተመታች፣ ወይም የወደቀች መስሎት ይሆናል። ከየትም ፈልገው ያግኙትና እንዲህ አልሆነም ይበሉት። የእነሱ ረጅሟ ተጫዋች ብቻዋን መጣች፤ ልጅዎና እሷ ብቻ ቀሩ። ልጅዎ ከበሯ ወጣች፣ ወደ ግራ ሄደች፣ ከዚያ በአንድ እግሯ ቀጥ አለች። ስለቱ በረዶውን ሲፍቀው ከተቀመጥኩበት ሰማሁት። ጎማዋ ደረቷ ላይ አርፋ እጇ ውስጥ ገባች። ሰው የጮኸው በደስታ ነው። ሰባት ለአንድ ተሸንፈናል፤ ግን አርባ አንድ ጊዜ አድናለች፤ አሠልጣኙ አንድ በአንድ ጽፎታል።

በማግስቱ ሱቄ መጣች። ከላይ ተቀምጦ ስለነበረው ሰው ምንም አላልኳት፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ሲባጎው ግን እጇ ላይ ነበር። ልትወጣ በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለችና ማየት የሚፈራ ሰው ካለ ማየት አያስፈልገውም፣ መስማት ይበቃዋል አለችኝ። «ድም ካለ ጎማዋ እኔ ጋ ነች፤ ዝም ካለ ነው የገባችው።» ቀጣዩ ጨዋታ በመጪው ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ አዳራሹ ይበርዳልና ወፍራም ካፖርት የግድ ነው።

ድንጋዩ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ፣ በጋዜጣው እንደተጠቀለለ አለ። በሰው እጅ አልልከውም፣ በፖስታም አልሰድደውም። ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ይውሰደው፤ ወይም መጥቶ እዚሁ ይሳልበት፤ ሁለተኛ ወንበር አለኝ።

ፈጣሪ ጉልበትዎን ያጽናልዎት፣ ቤትዎን ያሙቅልዎት፣ ልጅዎን በቆመችበት ያቁምልዎት።

ታናሽ ወንድምዎ፣
አቶ ለምን