ሐኪሙ የጠየቀኝ

ሁሌ ለምትናፍቀኝ ወንድምዓለሜ፣ ጤናህ እንዴት ከረመ? እኔ ስፌቴን ይዤ አለሁ።

የስፌት መኪናዬ ተጠግና ሥራ በዝቶልኛል። ልጄ ቁመት ጨምራለች፤ ዩኒፎርሟን ግን በዚህ ወር ብቻ ሁለት ጊዜ አጠበብኩላት። ውሃ ስትጠጣ ለጉድ ነው፤ «ቧንቧውን ልታደርቂው ነው» እያልኩ እቀልድባታለሁ።

የአባባ ስኳር በዘር የሚተላለፍ ዓይነት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የሰጠሁት ደም ውጤቱ ደረሰ። እኔም አለብኝ። አትደንግጥ፣ ለጊዜው ክኒን ይበቃሻል ብለውኛል። አንተም ተመርመር።

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀና «ልጆች አሉሽ?» አለኝ።

«የሉኝም» ብዬው ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፤ ክር በመርፌ ማሾለክ እንኳ ተስኖኛል። ነገ ጠዋት «ዋሽቼዎታለሁ» ልለው እሄዳለሁ። ብቻዬን ግን አይደለም።

በርታልኝ፤ እኔንም በርቺ በለኝ።

የምትወድህ እህትህ