ድኩላዋን በርኅራኄ እንድናሳርፍ ስላሠለጠኑን

ለተከበሩ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሥልጠና ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወገብዎን ሕመም፣ ኢንተርኔትዎንም መቆራረጥ እንዳያገኘው ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከከተማው መውጫ፣ ከመኪና መንገዱ ዳር ባለው መጠለያ የተጎዱ የዱር እንስሳትን የምንከባከብ ሠራተኛ ስሆን፣ «የማይድን እንስሳን በርኅራኄ ማሳረፍ» የተሰኘውን የበይነ መረብ ሥልጠናዎን አብራኝ ከምትሠራው ታናሽ እህቴ ጋር በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተን ተከታትለናል። ምስጋናዬ ተደበላልቆ እንዳያስቸግርዎ በተራ ቁጥር አቅርቤዋለሁ።

፩. አሠልጣኙ በለሰለሰ ድምፅ «የማይድን እንስሳን ማቆየት ጭካኔ ነው» ሲሉን እህቴ እንባዋን ጠርጋለች። መርፌው የት እንደሚወጋ ሊያሳዩን ሲሉ ምስሉ ደርቆ ቀረ፤ ሲመለስም «ግልጽ ነው አይደል?» እያሉ ነበር። ሰውን በአደባባይ ማሳፈር ነውር ነውና «ግልጽ ነው» ብለን ጻፍን።

፪. መድኃኒቱን በብረት ሣጥን ቆልፈው ስለላኩልን፣ ቁልፉን ደግሞ ለደኅንነታችን ሲሉ በተቆጣጣሪዎ ኪስ ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሏል ይኸው ነው።

፫. ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ የጭነት መኪና አሽከርካሪ የገጫትን ድኩላ በክንዱ አቅፎ፣ ሸሚዙ በደም ርሶ፣ «በፈጠራችሁ አትርፉልኝ» እያለ ከበራችን ደረሰ። አከርካሪዋ ተሰብሮ ስለነበር የምትተርፍ አልነበረችም። ለተቆጣጣሪው ብንደውል ስልካቸው ዝግ ነው፤ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ብንደውል ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና ተቆጣጣሪው ለሌሎች መጠለያዎች ይህንኑ ሥልጠና እየሰጡ መሆናቸውን ገልጸው፣ «እስቲ እስከ ምሳ ትታገሥ» አሉን። መልእክቱን ለድኩላዋ ማስረዳት ስላቃተን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ምሳ ሰዓት መጣ፣ አለፈ። ድኩላዋ በፊት እግሮቿ ልትነሣ ትሞክራለች፣ ትወድቃለች፣ እንደገና ትሞክራለች። እህቴ በሻርፗ የድኩላዋን ዓይኖች ሸፍና «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ» ስትላት ቆይታ ወደ እኔ ዞረችና «እትዬ፣ እየጠበቅናት ነው ወይስ እየገደልናት?» አለችኝ። ወጥቼ የሰፈራችንን የከብት ሐኪም ጠራሁ። የራሳቸውን ቦርሳ ይዘው መጡ፤ ተንበረከኩ፤ አንገቷን አንድ ጊዜ ዳሰሱና መርፌውን ወጉ። ትንፋሿ ቀስ እያለ ቆመ። እህቴ ግን ሻርፑን ከድኩላዋ ዓይን ላይ ለማንሣት ብዙ ቆየች።

፬. ሐኪሙ «ያለ ፈቃድ እንስሳ ገድለዋል» ተብለው የሥራ ፈቃዳቸው መታገዱን በማግስቱ በደብዳቤ ስላሳወቁን እናመሰግናለን። ድኩላዋ እየተሰቃየች የሚደርስላት ሰው ያልተገኘበት ቢሮ ለቅጣት ሲሆን እንዲህ ሰው ሞልቶት መገኘቱ፣ መሥሪያ ቤትዎ ሲፈልግ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ይመሰክራል።

እዚህ ላይ ግን ቀልዱን ልተወው። ሰውየውን የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ጥፋት ከተባለ የእኔ ነውና ፈቃዳቸው ይመለስላቸው፤ የሣጥኑም ቁልፍ ሣጥኑ ባለበት ይቀመጥ። ነገም በዚያ መንገድ መኪና ያልፋል።

ደብዳቤዬ ሥራ እንዳያስፈታዎት በመስጋት፣ ለመልካም ፈቃድዎ ሁሉ አንገቷን ደፍታ፣ የዛሬን ግን ቀና ብላ የጻፈች፣

አክባሪዎ፣
የመጠለያው ተንከባካቢ

ማሳሰቢያ፦ እህቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ሥራ አልተመለሰችም። የምስክር ወረቀቷ ግን ትናንት በስልኬ ገብቷል፤ «የተግባር ፈተናውን በብቃት አልፋለች» ይላል። አነበብኩላት። «አላለፍኩትም በያቸው» ብላኛለችና ይኸው በትሕትና አድርሻለሁ።