ፍሪዘር ተደግፎ መኖር

ኅዳር 3

ፍሪዘሩ ዛሬም አልዘጋ አለ። እማዬ በእጇ ገፋችው፣ በጉልበቷ ገፋችው፣ በመጨረሻ በዳሌዋ። ዝግት ይላል... ጀርባዋን እስክትሰጠው ይጠብቅና ቀስ ብሎ ይከፈታል። ሰው ያሾፍብናል ብዬ ስፈራ ዕቃ ጀመረን።

"ለአባትሽ ንገሪው፣ ጭማቂው እየቀለጠ ነው" አለችኝ።

አባዬ የት ነበር? እዚያው፣ አጠገቧ፣ ሽንኩርት እየላጠ።

"አባዬ፣ ጭማቂው እየቀለጠ ነው።"

"ሰምቻለሁ በያት።"

"እማዬ፣ ሰምቷል።"

"እሱንማ አየሁት።"

ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፣ የአንዱን ወረቀት ለሌላው እያባዛሁ። ማታ ቤት ገብቼም ያው ነው። ደሞዝ የለውም እንጂ።

ኅዳር 4

የታችኛዋ ጎረቤታችን ደረጃ ላይ ያዘችኝ። "እናትና አባትሽ ምን ሆነው ነው የማይነጋገሩት?" ነገርኳት። ስነግራት ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ አፈርኩ።

ነገሩ የድሮው ፍሪዘር ነው። ግድግዳው ላይ በረዶ ጋግሮ ነበር። ሶኬቱን ነቅሎ መጠበቅ ነው እኮ... አባዬ ግን ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፣ መጠበቅ አይሆንለትም። ቢላ አነሳ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ... ሽሽሽሽ።

"ተነፈሰ፣ ተገላገለ" አለ ደስ ብሎት።

የተነፈሰው ጋዙ ነበር። ፍሪዘሩ በዚያው ሞተ። እማዬ ደግሞ የምትተዳደረው በፌስታል እየቋጠረች በምታቀዘቅዘው ጭማቂ ነው። ንድድ ብሏት "አንተ የነካኸው ነገር መቼ በሕይወት ኖሮ ያውቃል!" አለችው። እሱም "እንግዲያው እጄን ይዤ እወጣልሻለሁ" አላት። በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል የለም። እሷ ይሄን አሮጌ ፍሪዘር ገዛች፣ እሱ ጎሚስታው ወዳጁ ጓሮ አንድ ክፍል አገኘ። ወሩ ሲያልቅ ይገባል።

በዚህ ዕድሜው... ማን ሊቀሰቅሰው ነው ሬዲዮ እያዳመጠ ሲተኛ? ማንስ ይጨቀጭቃታል እሷን?

ኅዳር 6

ጠጋኙ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ "ፕሮፌሰር" ነው የሚለው፣ እሱም አይከለክልም። ጆሮውን ፍሪዘሩ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ።

"ሞተሩ ያርፋል?"

"አያርፍም" አለች እማዬ።

"እንዴት ይረፍ! ብርዱ በበሩ ይወጣል፣ ሞቃት አየር ይገባል፣ የገባው በረዶ ይሠራል፣ በረዶው በሩን ይገፋል። ራሱን በራሱ የሚያሳምም በሽተኛ ነው።"

ወረቀት ጠየቀኝ። የተበላሸ ኮፒ ሰጠሁት። በሩ ላይ አስገብቶ ዘጋና ሳብ ሲያደርገው ቅቤ የተቀባ ይመስል ሾልኮ ወጣ። "አያችሁ? አይጨብጥም። የበሩ ጎማ ደርቋል።"

ሶኬቱን አስነቀለን። "በረዶው በራሱ ጊዜ ይቅለጥ። ቢላ የሚባል ነገር አጠገቡ እንዳይደርስ!" ሲል ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር አብረው ሲያደርጉ አየሁ።

በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ ጎማውን በሞቀ የሳሙና ውሃ አጠበው፣ በእኔ የፀጉር ማድረቂያ አሞቀው፣ ቫዝሊን ቀባው፣ ሶኬቱን መልሶ ሰካ። ከዚያ የመድኃኒት ማዘዣ እንደሚጽፍ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ።

"አሁን ቅርፁን እስኪይዝ ሁለት ቀን መደገፍ አለበት።"

"በምን?"

"በሰው።"

"ፕላስተር ቢለጠፍበትስ?" አልኩ።

"ደንበኛ በመጣ ቁጥር ልትልጪው ነው?"

"ወንበርስ?"

"ወንበር ይንሸራተታል። ሰው ሙቀት አለው፣ ጎማ ሙቀት ይወዳል።"

እማዬ አግዳሚ ወንበሩን አምጥታ ጀርባዋን ሰጠችው። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ሳበ። ወጣ። "እናቴ፣ እርስዎ ቀላል ነዎት።" አባዬን አስነሥቶ አስቀመጠው። በእሱ በኩል ጨበጠ፣ በሌላው በኩል ወጣ። "እንግዲህ ሁለታችሁም" ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ኅዳር 7

ለሥራ ስወጣ አግዳሚው ላይ ነበሩ። ጀርባቸው ፍሪዘሩ ላይ፣ ዓይናቸው ትይዩ ግድግዳው ላይ። ደንበኛ ሲመጣ አብረው ይነሣሉ፣ እሷ ትከፍታለች፣ እሱ ያወጣል፣ ትዘጋለች፣ አብረው ይቀመጣሉ። እንደ ሰልፈኛ ወታደር። ትንፍሽ የለም። እኔ በሌለሁበት እሳት ቢነሳ ምን ሊያደርጉ ነው?

ከቀትር በኋላ የታችኛዋ ጎረቤት እያለከለከች ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ መጣች።

"ተናገረች!"

"ማን?"

"እናትሽ! ለአባትሽ!"

"ምን አለችው?"

"ጠጋ በል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ግን ጠጋ አለ።"

ኅዳር 8

አባዬ ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። በሩም አብሮት ተከፈተ።

"አውቶቡሱንም እንዲህ እየተኛህ ነበር የምትነዳው?" አለችው።

ዓይኑን ሳይገልጥ "አውቶቡሱ እንዳንቺ አይሞቅም ነበር" አላት።

ቁንጥጫ። "ኧረ እባክሽ!" ሲል ተሰማ። እኔ ከበሩ ጀርባ አፌን በሁለት እጄ ይዤ።

ኅዳር 9

ጠዋት ሳይነሱ ቀድሜ ወረቀት አስገብቼ ሳብኩ። አልወጣም። ጠንከር አድርጌ ሳብኩ... ተቀደደ። ድኗል!

ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ሆዴ ነው የባባው። ከዳነ ይነሳሉ። ከተነሱ እሱ ሻንጣውን ያነሳል።

የወረቀት ካርቶን ክዳን ቀደድኩ፣ አጠፍኩ፣ ከጎማው ሥር፣ ታች ጥጉ ላይ ወሸቅኩ። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?

"አልዳነም" አልኳቸው ሲነሱ።

"ውይ" አሉና ቶሎ ሄደው ተቀመጡ። ፍጥነታቸው ገረመኝ።

ኅዳር 14

ክፍተቱ ባሰበት። የእኔ ካርቶን ይሄን ያህል ኃይል አለው እንዴ?

ጎረቤታችን ለሁለቱም ትራስ አመጣች። አክስቷ ደግሞ ወገቧን ያማታል። "የፍሪዘሩ ንዝረት ለወገብ ጥሩ ነው ተብሏል" ብላ መጣች። ማን እንዳለ እንጃ። እማዬ በጎን በኩል እንድትደገፍ ፈቀደችላት። ሴትዮዋ ስትሄድ ቀጥ ብላ ነው የሄደችው።

ኅዳር 16

ከሥራ ስመለስ ጨዋታቸው ከደረጃው ይሰማል። አባዬ ወደ ኋላ ብቻ ስለሚሄድ አንድ አውቶቡስ ያወራል። ይህን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ እሷማ ከእኔም በፊት። "ከዚያስ?" ትለዋለች።

ኅዳር 20

ጎሚስታው የክፍሉን ቁልፍ ይዞ መጣ።

"ና፣ ክፍሏን ላሳይህ።"

"መነሳት አልችልም፣ ይቀልጣል" አለ አባዬ።

"መቼ ነው የምትነሳው?"

"ሲድን።"

"መቼ ነው የሚድነው?"

አባዬ እማዬን አየ። እማዬ፣ "እኔ ሐኪም ነኝ እንዴ?"

ከዚያ አባዬን ሽንት ቤት አስቸኮለው። ጎሚስታው ቦታውን ያዘለት። እንግዲህ ባሏን ሊወስድባት የመጣው ሰው ከእሷ ጋር ትከሻ ለትከሻ ፍሪዘር ደግፎ ተቀመጠ! ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነለትም፣ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

"ይሄ ጎማ እኮ ምንም አልሆነም።"

ዓይኔ ካርቶኔ ወዳለበት ጥግ ሮጠ።

"አንተ የመኪና ጎማ ነው የምታውቀው" አለችው እማዬ በቁጣ።

"ጎማ ጎማ ነው።"

"እጅህን ሰብስብ!"

ሰበሰበ። ሲወጣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትቶ "እስከ ወሩ መጨረሻ ንገረኝ፣ ሌላ ሰው ጠይቆኛል" አለ። አባዬ ቁልፉን አላነሳውም። አልመለሰለትምም።

ኅዳር 25

ጭማቂው ፌስታሉ ውስጥ ውሃ ሆነ። ልጆቹ ጠጡትና "ይሄማ ሻይ ነው" ብለው ሄዱ። እማዬ ባዶውን መደርደሪያ ስትወለውል አየሁ። አባቴን ላስቀር ብዬ እናቴን ላደኸያት ነው?

ወጥ ቤት ሰው እስኪጠፋ ጠብቄ ካርቶኑን አወጣሁ። በሩን ዘጋሁ። ተከፈተ። እንደገና ዘጋሁ። ተከፈተ። ወረቀቱ ሳልስበው በራሱ ወደቀ።

የእኔን አውጥቻለሁ... ታዲያ ይሄን ማን ነው የሚከፍተው?

ኅዳር 27

ፕሮፌሰሩን ጠራሁት። ሁለቱም "ምን አስቸኮለሽ?" አሉኝ፣ እኩል።

ውሃ ልክ አወጣና ፍሪዘሩ አናት ላይ አስቀመጠ። አረፋዋ ወደ ኋላ ሸሸች።

"ማነው ኋላውን ከፍ ያደረገው? ፍሪዘር ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል ማለት አለበት፣ በሩ በራሱ እንዲዘጋ። ይሄ ወደ ፊት ሰግዷል!"

በሆዱ ተኝቶ ከኋላ እግሮቹ ሥር ሁለት የእንጨት ቁራጭ ጎትቶ አወጣ። የድሮው መጥረጊያ እጀታ። ባለፈው ሳምንት አባዬ "ተሰበረ" ብሎ የነገረኝ። አባዬ ሳል ያዘው።

ፕሮፌሰሩ ተነስቶ የላይኛውን ማጠፊያ አየ። "ብሎኑ ላልቷል። ደግሞ በካቻቢቴ አይደለም የተፈታው፣ ተመልከቱ፣ አናቱ ተፍቋል... በቢላ ነው።"

በቢላ!

አባዬ ቀስ ብሎ ወደ እማዬ ዞረ። እማዬ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች።

እኔ ቅድስት መስዬ ቆሜ ሳለ ፕሮፌሰሩ ጎማውን ገለጥ አድርጎ ከታች ጥጉ ተቀዳ የቀረች አንዲት ብጣሽ ለቀመ። "ይሄስ ካርቶን?"

አሁን ሁሉም እኔን።

"እኔ ጠጋኝ ነኝ" አለ ፕሮፌሰሩ ላቡን እየጠረገ። "እዚህ ቤት የሚያስፈልገው ግን አስታራቂ ነው።" እንጨቱን ጣለ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ጎማውን ጠረገ። በሩ ጥርቅም አለ።

እሱ ከሄደ በኋላ መጀመሪያ የተናገረው አባዬ ነው።

"በቢላ?"

"በቢላ።"

"ሰበርሽው?"

"ጫፉ ተጣሟል እንጂ..." ሳቋ አመለጣት። ስትስቅ ቆይታ ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች። "ያን ቀን ያልኩህን፣ ተናድጄ ነው ያልኩህ።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። ብታውቅ ክፍል አትፈልግም ነበር።"

አባዬ ቢላውን አንስቶ የተጣመመውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። እኔም ምንም አላስተላለፍኩም።

ኅዳር 30

በሩ ይዘጋል። ወረቀቱ አይወጣም። ሞተሩ ደግሞ እየሠራ ያርፋል... ሲያርፍ ቤቱ እንዴት ዝም እንደሚል ረስቼው ነበር። ጭማቂው ድንጋይ ሆኗል፣ ልጆቹ ተመልሰዋል።

አባዬ ጠዋት ቁልፉን ከጠረጴዛው አንስቶ ወጣ። የት እንደሚሄድ አልተናገረም። እማዬ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች፣ ላጠች፣ ላጠች... ማን ሊበላው ነው ይሄን ሁሉ? አልጠየቅኳትም። ፈራሁ።

ተመለሰ። ባዶ እጁን።

"ጎሚስታው ምን አለ?" አልኩት።

"ጎማው ምንም አልሆነም ብዬ ነበር አለ።"

አግዳሚውን ጎትቶ ፍሪዘሩ ፊት አስቀመጠና ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

"አባዬ፣ ተጠግኗል እኮ።"

"ማን ያምነዋል?"

እማዬ ቢላዋን አስቀመጠች። ጫፉ የተጣመመውን። "ለአባትሽ ንገሪው..." ብላ ጀመረችና አቆመች። እጇን በሽርጧ አደራርቃ ራሷ ሄደች።

"ጠጋ በል" አለችው።

ጠጋ አለ። አጠገባቸው ልቀመጥ ብዬ አየሁ፣ ቦታ የለም። የማታ ሥራዬን አጥቻለሁ ማለት ነው።