ዳማ የቆመችበት ደጅ

አንጋጫ
ነሐሴ 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጵርስቅላ አባት፣
ወንጂ

ሰላምታዬ ይህን ሁሉ ዝናብና ጭቃ አልፎ እጅህ ይግባ። እንደምን አለህ? ባለፈው ክረምት አልጋ ላይ የጣለህ ወባ ዘንድሮም መጥቶብህ እንደሆነ አትደብቀኝ። እኛ ጌታ ይመስገን አለን። ጵርስቅላ ወደ አራተኛ ክፍል አልፋለች፤ አባባ ሲመጣ አሳየዋለሁ ብላ ካርዷን መጽሐፍ ቅዱስህ ውስጥ አስቀምጣዋለች። እንሰቱን ጃርት ቢቆፍርብንም ለዓመቱ የሚሆነን ቆጮ አላጣንም። እናቴን ግን ዝናቡ ሲገባ የያዛት ሳል እስከ ዛሬ አልለቀቃትም።

በጽሕፈቱ ሳትገረም አትቀርም። እስካሁን ደብዳቤዬን የሚጽፍልኝ ወንድም ጴጥሮስ ነበር፤ እኔ አንድ ቃል ስናገር እሱ ሦስት ጥቅስ ይጨምርበት ነበር። ይህን ግን በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኩት ፊደል ራሴ ጻፍኩት፤ ጴጥሮስ ፊት የሚነገር ነገር አይደለምና። በፖስታም አልላክሁትም። ጎረቤታችን ሽብሩ ወደ ሥራችሁ ሲመለስ በእጁ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ለብቻህ ሆነህ አንብበው።

ነገሩ የመጣው ከበቅሏችን ከዳማ ስለሆነ ከእሷ ልጀምር። ኮርቻ የሚያርፍበት ጀርባዋ ማበጡን ሰኔ ላይ ጽፌልህ ነበር። ተራ ገጣባ መስሎን ቅቤ ስንቀባት ሰነበትን፤ እብጠቱ ግን ይብስ ጀመር፣ እጅ ስናስጠጋ እንደ ሰው ታቃስታለች። ወደ ማን ልውሰዳት ብዬ ጠየቅሁህ። ሆሳዕና የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ አለ፤ ነገር ግን ሐኪሙ የአምራች ማኅበራትን በሬ ሲከትብ ይውላል፣ ቢገኝም መድኃኒት የለም ግዙ ይላል፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ዳምቦያ ገበያ ላይ መርፌ የሚወጋው ሰውዬ ርካሽ ነው። እውነቱን ልንገርህና መልስህ እስኪመጣ አላስችል ብሎኝ አንድ ቀን እሱን ሞክሬው ነበር። ከየት እንዳመጣው ያልታወቀ፣ ጽሑፉ የተፋቀ ብልቃጥ አውጥቶ ወጋት፤ በማግስቱ እብጠቱ ሌላ እብጠት ወለደ። ርካሽ ያልኩት እዳ ሆነብኝ።

ከዚህ ሌላ የቀረው ወልደ ሰንበት ነበር፤ ያ ከዶዮገና በታች ሥር እየቀጠቀጠ ለከብት የሚያጠጣው ሽማግሌ። ሲያጠጣ በከብቱ ጆሮ የሚያንሾካሹከው ምን እንደሆነ ማንም ስለማያውቅ፣ ወደ እሱ መሄድ ወደ ቃልቻ መሄድ ነው ብላችሁ የወሰናችሁት እናንተ የጉባኤው ሽማግሌዎች ናችሁ። ስሙን በደብዳቤዬ ያነሳሁት ሰዎች ስለመከሩኝ ብቻ ነው። መልስህ ሲመጣ ጴጥሮስ በጸሎት ሰዓት ወንድሞች ሁሉ በተሰበሰቡበት ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ሆሳዕና ውሰጃት፤ ዋጋው የፈለገውን ያህል ይሁን፣ በጉን ሽጪ። እዚያ ሰው ደጅ ከምትቆም ግን ትሙት።» ወንድሞች አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ። እንዲህ ያለ ባል ስላለኝ ኮራሁ፤ ይህንንም ልደብቅህ አልፈልግም።

በጉን ሸጥኩና ሐምሌ መጨረሻ ላይ ማለዳ ዳማን እየሳብኩ ወጣሁ። ከዶዮገና መለስ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ጋ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ ታውቀዋለህ። ዳማ እዚያ ስትደርስ ቆመች። ገመዷን ብስብ እምቢ አለች፤ አርጩሜ ባሳያትም አልሰማችም። ከዚያ ዞራ የቁልቁለቱን መንገድ ያዘች፣ እኔንም ጭቃው ውስጥ እየጎተተች ወሰደችኝ። አንድም ቦታ ሳትሳሳት፣ ወንዟን በድንጋዮቹ በኩል ተሻግራ፣ አንድ አጥር ጋ ደረሰችና አንገቷን በበሩ አስገብታ ቆመች። እንግዳ በቅሎ እንዲህ አታደርግም። ውሻው እንኳ አልጮኸባትም።

ሽማግሌው ወጣ። እኔን ሳያይ መጀመሪያ ያየው እሷን ነበር። «ግቢ፣ ቦታሽን ታውቂው የለም ወይ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ኤሊያስ አሞት ነው ዛሬ አንቺን የላከሽ?» አለኝ።

እኔ እንደ አገራችን ሚስት ሁሉ ስምህን በአፌ ጠርቼው አላውቅም። ከዚያ ሰው አፍ ስሰማው የሌላ ሰው ስም መሰለኝ።

ወልደ ሰንበት እንደማውቅ ገምቶ ነበር፤ የማላውቅ መሆኔን ያወቀው «እሱ ምን ሊያደርግ እዚህ ይመጣል?» ብዬ ስጠይቀው ነው። የለበሰውንም ጋቢ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጫፉ ላይ እሳት ያቃጠለውን ቀዳዳ እኔው ነበርኩ የጠቀምኩት፤ ክሩ ትንሽ ቢጫ ስለነበረ ስትስቅብኝ ከርመሃል። እናቴ ለሠርጋችን ፈትላ ያለበሰችህ ጋቢ ነው። ባለፈው መስቀል ስትመጣ የት ሄደ ብልህ ከእስር ለወጣ ወንድም ሰጠሁት አልከኝ፤ እኔም ሞኟ ምግባርህን ለሰው ሳወራ ከረምኩ። ለካ የዳማ ማሳከሚያ ነበር።

ሰውየው አፈረ። ጋቢውን አውልቆ ሊሰጠኝ ሲል የሥራህ ዋጋ ነው፣ በግልጽ ሠርተህ ያገኘኸው ነው ብዬ እምቢ አልኩት። ስንት ጊዜ እንደመጣህ ጠየቅሁት። ዳማን ከገዛሃት ጀምሮ አለ። ዶዮገና ወንድሞችን ልጎበኝ እያልክ ስትወጣ ስንቅ ቋጥሬ የሸኘሁህ ቀን ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ። ስለ እናቴ መታገድ ግን እኔ ሳልጠይቀው ራሱ አነሳው። «አማትህን በእኔ ምክንያት ከጉባኤ አስወጣሃት አሉ፣ አንተስ ብዬው ነበር» አለኝ። «እሷን ሰው አይቷታል፤ እኔን ግን ማን አየኝ ብሎ መለሰልኝ።»

ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣሁ።

ዳማን እንዲያክማት አልፈቀድኩለትም። ልትገባ ስትታገል አንገቷን አቅፌ በልመና መለስኳትና ሆሳዕና ድረስ ወሰድኳት። አንተ ያልጠበቅከውን ቃል እኔ ጠበቅሁ። ሐኪሙ ዳንኤል የሚባል ልጅ እግር ሰው ነው፤ እንደ እድል ቢሮው አገኘሁት። እብጠቱን በስቶ መግሉን አወጣና መድኃኒት ጨመረበት፤ የበጉ ዋጋም እዚያው መድኃኒት ቤት ቀረ። ሲያጥበው፣ «ይሄ የቆየ ቁስል ነው እናቴ፤ ከዚህ በፊት ማን ነበር ሲያክማት የነበረው?» ብሎ ጠየቀኝ። ባለቤቷ ያውቃል አልኩት። አሁን ቁስሏ እየጠገገ ነው፣ ሣር መብላትም ጀምራለች።

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ። ጸሎት ቤቱ ከታሸገ ወዲህ ተራ እየገባን በየቤቱ ስንጸልይ፣ እናቴ ጥጃዋን ወልደ ሰንበት ጋ ወስዳለች ተብሎ ነገሩ ሲነሳ ሌሎቹ በምክር ይታለፍ ብለው ነበር። ተነስተህ «የሥጋ ዝምድና ከእውነት አይበልጥም፣ አማቴም ብትሆን ትታገድ» ያልከው አንተ ነህ። ሁላችንንም አስለቀስከን። ከዚያ ወዲህ ተራው የእኛ በሆነ ቁጥር እናቴ በገዛ ልጇ ግቢ ማድ ቤት ትገባለች፤ ሳሎን ውስጥ ስንዘምር እሷ እዚያ ጭስ መሃል ተቀምጣ በግድግዳው ስንጥቅ ትሰማለች። ቅር አይልሽም ወይ ስላት የአንድ ቀን ዝማሬ ብቻ ነው የምፈልገው ትለኛለች፤ የቀብሯን ማለቷ ነው። የታገደ ሰው ሲሞት ወንድሞች እንደማይዘምሩለት ታውቃለህ፤ ሳሏ በበረታ ቁጥር እኔ የምሰማው ያን ዝማሬ የሌለው ቀብር ነው።

ከሆሳዕና ስመለስ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። የምታንገዋልለውን ወንፊት አስቀመጠችና በከምባትኛ ቀስ ብላ፣ «አይቻት ነበር» አለችኝ።

ዳማን ማለቷ ነው። ጥጃዋን የወሰደች ቀን በቅሎህ ከወልደ ሰንበት ቤት ጀርባ ታስራ አይታታለች። ሳልህንም ከውስጥ ሰምታለች። የዚያን ጊዜ ጉባኤው ፊት ቆማ፣ አንተ ጥቅስ እየጠቀስክ ስትፈርድባት፣ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ አብራችሁ በወጣችሁ ነበር። ለምን ዝም አልሽ ብዬ ጮህኩባት፤ እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። «እሱን ባስወጣው አንቺ የት ትቀሪያለሽ?» አለችኝ። ይኸው ነው መልሷ። ለቤትህ ብላ ማድ ቤት ገባች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፤ እናቴ ግን እከኩን አውቃ ተቀበለችልህ።

ባለፈው እሑድ ተራው የእኛ ነበር። እጇን ይዤ ሳሎን ላስገባት ስል እምቢ አለች። ያስወጣኝ ሰው ራሱ ያስገባኝ አለች። ስለዚህ እኔ ወደ እሷ ገባሁ። ማድ ቤት አጠገቧ ተቀምጬ ከዚያው ሆኜ ዘመርኩ። ሳሎን ውስጥ ያሉት ድምፄ ከየት እንደሚመጣ ሰሙ። ጴጥሮስ ሊጠይቀኝ መጣ፤ የጵርስቅላ አባት ለመስቀል ሲመጣ ይነግራችኋል አልኩት። ለማንም ምንም አልተናገርኩም፤ ነገርህን የምጠብቅልህ ግን እስከ መስቀል ነው። ከዚያ በኋላ እናቴ እንደሸከመችልህ እኔ አልሸከምም።

በእጅህ ጽፈህ እንድትልክልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እንደሚባለው ዙሪያውን አትዙርብኝ። ያን ቀን እናቴ እንዳየችህ ታውቅ ነበር? ሳታውቅ ከሆነ ግብዝ ባል አግብቻለሁ፤ እሱን አለቅሼ ይወጣልኛል። አውቀህ፣ እሷ ሳትናገር ቀድመህ አፏን ልትዘጋ ብለህ ከሆነ ግን፣ አሥራ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው አላውቀውም ማለት ነው።

ልቤ ቆስሏል። እንዲያም ሆኖ ወባው መጥቶብህ እንደሆነ አስባለሁ፤ ሴት ልጅ ስትባል ምን ትሆናለች። ኪኒንህን አታቋርጥ።

ለመስቀል እንደ አገሩ ሰው ሁሉ መምጣትህ አይቀርም። ሆሳዕና መኪና ተራ ዳማን ይዤ እጠብቅሃለሁ። ጀርባዋ ገና ኮርቻ ስለማይችል በእግርህ ነው የምትመጣው። እኔ ከኋላ እሆናለሁ። ገመዷን አንተ ያዝ፣ ግን አትሳብባት፤ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ ስትደርሱ በወደደችው ትምራህ። የምትቆምበትን ደጅ ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ። የማድ ቤቱን በር ግን እሷ አታውቀውም፤ እሱን ራስህ ታገኘዋለህ።

ያለ ቅባት የሚፈውስ አምላክ ያንተንም የእኛንም ቁስል ይመልከት። መንገድህን ያቅናልህ፤ በሰላም ያግባህ።

የጵርስቅላ እናት
ገነቴ

እናቴ ሰላም በዪልኝ ብላሃለች። ጋቢው የት እንደገባ ስነግራት ጥጥ እንድገዛላት ለመነችኝ፤ በመስከረም ብርድ ባዶ ትከሻውን እንዳይመጣ ነው የምትለው። እኔ ብሆን አልፈትልልህም ነበር። እሷ ግን ይኸው ማድ ቤት ተቀምጣ እያሳለች ትፈትላለች።