ሺዮሪ የሠራችው ቤት

ሃኮዳቴ፣ ሐምሌ 5

ልጄ ናሆኮ፣

የኦሳካ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። ዛሬ ጠዋት አሥራ ስምንት እስር ደረቅ ዓሣ ሸጬ፣ ሱቁን ለጎረቤቴ ትቼ ወደ ልጅሽ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የሁለተኛ ክፍል ልጆች በታብሌት ሥዕል ማንቀሳቀስ ተምረው ለቤተሰብ የሚያሳዩበት ቀን ነበር።

ሺዮሪ በታብሌቱ ላይ ቤታችንን ሠርታለች። ሥዕሉን ስትነካው አንቺ በበሩ ትገቢና ጫማሽን ታወልቂያለሽ። ሥዕሉ ውስጥ ያለችው ሺዮሪ ጎንበስ ብላ የጫማሽን አፍንጫ ወደ ውጭ ታዞረዋለች።

"የኔንስ አታዞሪልኝም?" አልኳት።

"አያቴ ደግሞ፣ የሚዞረው የእንግዳ ነው። ሲሄዱ እንዳይቸገሩ።"

መምህሯ "ሥርዓት የምታውቅ ልጅ" ብለው አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ጫማሽን ወደ ውስጥ ልመልሰው ብዬ ታብሌቱን ስነካካ አንቺን ጣሪያ ላይ አወጣሁሽ።

"አያቴ፣ እናቴን አውርጃት እንጂ፣ ትወድቃለች" አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ።

በነሐሴው በዓል ስንት ቀን እረፍት እንደሚሰጡሽ ቶሎ ጻፊልኝ። ምሳሽን ሳትይዢ አትውጪ፣ በጤና ያቆይሽ። ነገ ሱቄን እንደዘጋሁ የራስሽን የሩዝ ሳህን ገዝቼ ከእኔና ከሺዮሪ ሳህኖች ጎን አስቀምጣለሁ።

እናትሽ ፉሚኤ