«ወ» የተጻፈበት መሳቢያ

ቁጥር፦ እየተፈለገ ነው
ቀን፦ ግንቦት ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.
ሞጣ

ለተከበሩ ጓድ ደምለው
የግብር ክፍል ኃላፊ
ቢቸና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ደጅዎ በመጣሁ ጊዜ ድምፅዎ አዳራሹን አልፎ የዘበኛው ጎጆ ድረስ ይሰማ ስለነበር፣ ጉሮሮዎን ምንም እንዳልነካው ተረድቼ ደስ ብሎኛል። ጤናውን የሚያበዛልዎ ማን እንደሆነ ስሙን መጥራት በመሥሪያ ቤትዎ እንደሚያስወቅስ ስለማውቅ ጤና ይስጥልኝ ብዬ ብቻ አልፋለሁ። እኔ ሱቄ ከመታሸጉ፣ እጄ ሥራ ከመፍታቱና እንቅልፍ አጥቼ ከመክረሜ በስተቀር ደህና ነኝ።

ይርጋነሽ እባላለሁ፤ ቢቸና ተወልጄ ሞጣ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመሥሪያ ቤትዎ በር ባለው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የምለጥፈው ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ሰሌዳው ራሱ አናቱ ላይ በቀይ ቀለም «ሂስ ያለው ሁሉ ሂሱን ያቅርብ» ብሎ ስለጋበዘኝ ነው። ግብዣ ደግሞ እንቢ አይባልም።

ቆሞ ለሚያነብ መንገደኛ ነገሩ እንዲገባው ከሥሩ ልጀምር። ስፌት የጀመርኩት እዚሁ ቢቸና፣ ከለውጡ በፊት በስድሳ አራት ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ለግብር ከፋይ ቁጥር የሚሰጡት፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አቶ ገብረ ሕይወት የሚባሉ ሽማግሌ ጸሐፊ ነበሩ። ሰውዬው እሑድ እሑድ የደብሩን የሰበካ መዝገብ ሲጽፉ ነው ያረጁትና፣ ክርስቲያን የሆነ ሰው በመዝገብ የሚጻፈው በክርስትና ስሙ ነው ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። በግብሩም መሥሪያ ቤት ይህንኑ ሠሩ። ደረሰኙ ላይ ሰው የሚያውቀውን ስም ይጽፉና ፋይሉን ግን በክርስትና ስም ከፍተው፣ በፊደል ተራ በየመሳቢያው ይከቱታል። በዚህ ምክንያት የከተማው ሴት ነጋዴ ሁሉ «ወለተ» እየተባለ «ወ» መሳቢያ ውስጥ ታጭቆ፣ መሳቢያው ሲዘጋ በጉልበት የሚገፋ ሆነ። ወንዶቹ በ«ገ»ና በ«ኃ» ተጨናነቁ። በሚታወቁበት ስም እንደ ልባቸው ተዘርግተው የተቀመጡት ሙስሊም ነጋዴዎች ብቻ ነበሩ።

እኔ በተመዘገብኩ ቀን ከፊቴ አንድ ቀጭን ወጣት ቆሞ ነበር። በዚያው መሥሪያ ቤት አዲስ የተቀጠረ ነውና ለደመወዙ ግብር ቁጥር ሊወስድ መጥቷል። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያጥር ስለነበር ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ፤ የሙያ ነገር ነው፣ ምን ላድርግ። ሽማግሌው የክርስትና ስሙን ሲጠይቁት ግራ ቀኙን አየና ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ነገራቸው። የዚህን ወጣት ነገር ለጊዜው እናቆየው።

ተራዬ ደርሶ እኔንም ሲጠይቁኝ ደነገጥኩ። እናቴ የክርስትና ስሜን ለነፍስ አባቴ እንጂ ለማንም እንዳልነግር አድርጋ ነው ያሳደገችኝ። የሰው የክርስትና ስም በክፉ እጅ ሲገባ ምን እንደሚደገምበትና ምን እንደሚጻፍበት፣ በደብተራ አገር ለተወለደ ሰው አይነገርም። ይሁንና ሽማግሌው እንደ አባት ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለጠየቁኝ፣ እኔም ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው፤ ጻፉት፤ ቁጥሬንም ሰጡኝ።

በኋላ ባለቤቴ መምህር ዳምጤ ወደ ሞጣ ሲዛወር እኔም ስፌቴን ይዤ ተከተልኩት። በስድሳ ዘጠኝ አሰሳ ሲደረግ ቤታችን የነበረው ወረቀት ሁሉ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ እስከ ግብር ደረሰኜ ድረስ፣ በጆንያ ተጠቅጥቆ ሄደ። ወዴት እንደሄደ አልጠየቅንም፤ ባለቤቴ አብሮት ባለመሄዱ ብቻ አመሰገንን። እስከ አምና ድረስ የሞጣ ሰዎች ግብሬን ያለ ቁጥር በስሜ ሲቀበሉኝ ኖሩ፤ ዘንድሮ ቁጥር ያላቀረበ ፈቃዱ አይታደስም የሚል ትዕዛዝ መጣና ቢቸናን ጠየቁ። ከዚህ በኋላ ያለው የእርስዎ ውለታ ስለሆነ በተራ ቁጥር ላመስግን።

፩ኛ/ «ይርጋነሽ የምትባል ግብር ከፋይ በመዝገባችን የለችም» ብለው በአንድ መስመር ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። በዚያች መስመር ምክንያት ሱቄ በሰም ታሸገ። ውስጥ የቀረው የእኔ የስፌት መኪና ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ለሠራተኞች ቀን ሰልፍ ያሰፋው የደንብ ልብስ እዚያው ተቆልፎበት ቀረና፣ እናቶች ያገኙትን ቀሚስ ለብሰው ተሰለፉ፤ ከመድረኩ ላይ ሥርዓት የለሽ ተብለው የተወቀሱት ግን እነርሱ ናቸው። ጎረቤቴ ወይዘሮ አሰጋሽ ደግሞ ለባሏ አርባ ጥቁር ቀሚስ አሰፍታ ነበር፤ ሳትወስደው ታሸገባትና አሮጌ ነጠላና ቀሚሷን በቀለም ነክራ ዋለች። ቀለሙ ከእንባዋ ጋር እየወረደ አንገቷን ሲያጠቁራት ቁጭ ብዬ አየሁ። ስለዚህኛው እንኳ በነገር ማመስገን አቅቶኛል፣ ይቅር ይበሉኝ።

፪ኛ/ በጭነት መኪና ላይ ተጭኜ፣ በደብረ ወርቅ በኩል አቧራ ስቅም መጥቼ ደጅዎ በቆምኩ ጊዜ ስላደረጉልኝ አቀባበል አመሰግናለሁ። መዝገብ ቤት ያለው ወጣት የሌላ አገር ልጅ ነው፤ ይባረክና «የ»ን መሳቢያ አገላብጦ አገላብጦ ሲያጣኝ ከልቡ አዘነ። እኔም ጠጋ ብዬ የአቶ ገብረ ሕይወትን ልማድ አጫወትኩትና «ወ»ን እንዲያይልኝ ለመንኩት። ልጁ ደንብ አክባሪ ነውና እርስዎን ሊያስፈቅድ ገባ። እርስዎም ወጡ። ወንበር አልጋበዙኝም፤ ጆሮዎንም አላዋሱኝም። አዳራሹ እንደ ገበያ ቀን ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፦

«የክርስትና ስምሽን ሕዝቡ እየሰማ ጮክ ብለሽ ተናገሪ» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ አርባ ዓመት የተጠጋሁ ሴት ነኝ። ከሰው ፊት ልብሴን አውልቂ የተባልኩ ያህል ነው ያፈርኩት። ግን የመጣሁት ለሱቄ ነውና፣ እናቴን በሆዴ ይቅርታ ጠይቄ ተናገርኩ፤ ወለተ ገብርኤል አልኩ። አንድ ሽማግሌ ከሰልፉ ውስጥ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱልኝ። እርስዎ ግን ስሜን አውጥተው ካስጮሁኝ በኋላ፣ በአብዮታዊ መንግሥት መዝገብ ውስጥ የክርስትና ስም የሚባል ነገር የለም ብለው «ወ»ን ቆለፉና ቁልፉን ኪስዎ ከተቱት። እንግዲያ ለምን አስጠሩኝ? ወደ ሞጣ እስክመለስ ድረስ መንገዱን ሙሉ ይህን ብቻ ሳስብ ነበር፣ ዛሬም አልገባኝም።

፫ኛ/ በማግሥቱ ስላወጡት ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ ቁጥሩ በመዝገብ ተፈልጎ ያልተገኘ ነጋዴም ሆነ ደመወዝተኛ «ግብር ሰዋሪና የኢኮኖሚ አሻጥረኛ» ተብሎ እንደሚያዝ፣ የነጋዴውም ሱቅ ከነዕቃው ለሌላ እንደሚሰጥ የሚናገረው ማለቴ ነው። ሞጣም ተለጥፎልናል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው በዚህ አገር ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም ስለምናውቅ ባለቤቴ ካነበበው ጀምሮ እህል በወጉ አልቀመሰም።

አራተኛ የለኝም። ልመና ግን አለኝ።

የፈሩትን አውቃለሁ። የመሥሪያ ቤትዎ ቁም ሣጥን ሙሉውን ወለተና ገብረ መሆኑ ከላይ ቢሰማ፣ ከእርስዎ የባሰ ድምፅ ያላቸው ሰዎች አድኃሪ ብለው እርስዎንም በተራዎ አዳራሽ ያቆሙዎታል። ፍርሃት ነውር አይደለም፤ እኔም ይህን ወረቀት የምለጥፈው ሰው ሳያየኝ በማለዳ ነው። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ የራስዎን ፍርሃት በእኔ ሱቅ ሰም አይሸፍኑት። እኔ ያለችኝ አንዲት መኪና ናት፤ ልጆቼን ያበላሁት በእርሷ ፔዳል ነው። ለመደበቅ የሞከርኩት ነገር የለም፤ ቁጥሬ ከቢሮዎ በር በክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ እርስዎ እንዳይወጣ ይዘውታል። መሳቢያውን ይክፈቱልኝ፤ ሰው ካፈሩ በምሳ ሰዓት ብቻዎን ይክፈቱት፤ ያገኙትን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ለሞጣ ይላኩልኝ። በየትኛው ስም እንዳገኙት ማንም አይጠይቅዎትም፣ እኔም አልናገርም።

ይህን ሁሉ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ድምፅዎም እንዳይዘጋብዎ እየተመኘሁ፣ ለሥራ ከመጓጓት በቀር ሌላ አሻጥር የማላውቅ፣ በመዝገብዎ የሌለሁ፣ በአዳራሽዎ ግን በሁለቱም ስሜ የታወቅሁ ታዛዥዎ ነኝ።

ይርጋነሽ፣ ልብስ ሰፊ
(ሱቋ የታሸገ)

ግልባጭ፦
ለሞጣ የግብር ክፍል
ለቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር፣ ስለ ደንብ ልብሱ
ለፋይሌ፣ ሲገኝ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ያቆየነው ቀጭን ወጣት ነገር ሳይነሳ ሊቀር ነበር። እኔ መልክ እረሳ ይሆናል እንጂ ሱሪ አልረሳም። በዚያው ሳምንት ያን ሱሪ ጫፉን ፈትቼ እንዳስረዝምለት ወደ ሱቄ አምጥቶት ነበርና ስሙን ጠይቄው ደምለው ነኝ አለኝ። ሱሪው ደህና አድርጎ ረዝሞልዎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እርስዎም ሲያድጉ አይቼ ደስ ብሎኛል። እንግዲህ ማስታወቂያዎ ደመወዝተኛንም ይጨምራልና፣ እስኪ «ደ»ን ከፍተው ራስዎን ይፈልጉ፤ አያገኙም። ያሉበትን መሳቢያ አቶ ገብረ ሕይወትና እርስዎ ታውቁ ነበር፤ እርሳቸው አርፈዋል። ያን ቀን ጎንበስ ብለው በጆሯቸው የነገሯቸውን ግን ከኋላዎ ቆሜ ነበርና እኔም ሰምቼዋለሁ። የእኔን ስም በአዳራሽ ቢያስጮሁኝም፣ የእርስዎን በዚህ ሰሌዳ ላይ አልጻፍኩትም፤ ለባሌም አልነገርኩትም፤ እናቴ አሳድጋኛለች። በሆዴ ይዤልዎት እቆያለሁ፣ እስከ ሰኔ ሠላሳ።