ውሃ የቀዳንበት ቦታ

ቅዳሜ፣ ላስ ቬጋስ

ሻንጣውን ሦስት ጊዜ ዘግቼ ሦስት ጊዜ ከፈትኩት። ለጽጌ የያዝኩላት፦ አንድ ነጠላ፣ የጉልበት ቅባት፣ የልጄ የምርቃት ፎቶ። በምን ቃል እንደምጀምር ግን እስካሁን አላውቅም።

ጽጌ ሮም ስደተኛ ሆነን ሁለት ዓመት አንድ አልጋ የተጋራኋት ጓደኛዬ ናት። የእኔ የአሜሪካ ወረቀት ሲመጣ የእሷ ውድቅ ሆነ። ልነግራት አፌ አልታዘዝ አለኝ። አንድ ቀን ሥራ ስትሄድ ጠብቄ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆነኝ።

ባለፈው ወር ስልኳን ከሰው አግኝቼ ደወልኩና የምመጣበትን ቀን ነገርኳት። ትጮኽብኛለች ስል አልጮኸችም። «ማክሰኞ ከሰዓት ውሃ የምንቀዳበት ቦታ እሆናለሁ። የት እንደሆነ አልነግርሽም። ካስታወስሽ ትመጫለሽ» ብላ ዘጋችው።

ሳቄ መጣ። እንዴት ይጠፋኛል? አደባባዩ፣ ደረጃው፣ ከድንጋይ አንበሳ አፍ የሚወርደው ውሃ። ዓይኔን ጨፍኜም እደርስበታለሁ።

ሰኞ፣ ሮም

ትራስቴቬሬ፣ የድሮ ሰፈራችን። መሬቱ ላይ የተደረደረው ጥቁር ድንጋይ ጉልበቴን ጨረሰው። ያኔ በነጠላ ጫማ እንሮጥበት ነበር! ግድግዳው አሁንም የዱባ ወጥ ቀለም ነው፣ አሁንም እዚህም እዚያም ተልጧል። ልብስ ከመስኮት መስኮት ተሰጥቷል። የነጭ ሽንኩርት ጥብስ ሽታ ሲመጣብኝ ቆሜ ቀረሁ፤ ይህ ሽታ ስንት ቀን እራት ሆኖን ነበር።

ቤታችን አለ። አራተኛ ፎቅ፣ ያችው ጠባብ መስኮት። አሁን ለቱሪስት ይከራያል። ዳቦ ቤቱ አይስክሬም ቤት ሆኗል፣ ተናደድኩ።

ቬጋስ የምሠራበት ሆቴል ውስጥ እንዲህ ያለ የጣልያን ሰፈር አስመስለው ሠርተዋል። ጣሪያው ላይ ሰማይ ተቀብቷል፣ አይመሽም፣ አይዘንብም። ሃያ ስድስት ዓመት አልጋ አንጥፌበታለሁ። እዚህ ግን ዝናብ ጣለብኝና ደስ አለኝ። ደክሞኛል። አንበሳውን ነገ።

ማክሰኞ

አንበሳው የለም።

ከጠዋት ጀምሮ ዞርኩ። በተረፈችኝ ጣልያንኛ አንዱን የቡና ቤት ሰው «አንበሳው የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ደግ ሰው ነው፤ ወደ እንስሳት ማቆያው የሚሄደውን አውቶቡስ ቁጥር ጻፈልኝ። በመጨረሻ ደረጃ ያለው ፏፏቴ አገኘሁና አንበሳውን አንስተውት ይሆናል ብዬ እስኪመሽ እዚያ ተቀመጥኩ። ጽጌ አልመጣችም። ደወልኩ፣ አታነሳም።

ለልጄ ለሔለን ደውዬ የአንበሳው ውሃ ጠፋብኝ አልኳት። ቬጋስ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ለሺፍት ከቤት ልትወጣ ስትል ደረስኩባት።

«ማሚ፣ ላየኑ እኮ ያንቺ ሆቴል ነው!»

«የምን ሆቴል? እዚህ ነው ውሃ የቀዳነው።»

«ኖ ማሚ። ኪድ ሆኜ እዛ ፒክቸር አነሳሽኝ። ሳሎን ዎል ላይ አለ፣ ቼክ አድርጌ ልላክልሽ?»

ላከችው። የሰባት ዓመቷ ሔለን፣ ጥርሷ ወልቆ፣ ከኋላዋ ደረጃው፣ ከደረጃው በላይ አንበሳው።

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ስናፍቀው የኖርኩት ሰፈር ግማሹ በየቀኑ በጋሪ ፎጣ እየገፋሁ የማልፍበት ኮሪደር ነው። አፈርኩ። ጽጌስ? ፊቷን በትክክል አስታውሰው ይሆን? ፈራሁ።

ረቡዕ

ካርታውን ትቼ ወጣሁ። ከቤታችን ጀርባ አንዲት አበባ ሻጭ ባልዲዋን ከአጭር የብረት ቧንቧ ሥር አስቀምጣ ትሞላለች። ቧንቧው እንደ አፍንጫ ወደ ታች የታጠፈ ነው። ስትጨርስ አፉን በአውራ ጣቷ ደፈነችው። ውሃው ከላይ ባለች ቀዳዳ ተፈናጥሮ ወጣ፣ ጎንበስ ብላ ጠጣች።

ይህን ያስተማረችኝ ጽጌ ናት! በመጣሁ ማግስት ቧንቧው ሥር አፌን ከፍቼ ቀሚሴ በስብሶ ስትስቅብኝ። ውሃ አራተኛ ፎቅ ስለማይደርስ ማታ ማታ ከዚህ ሁለት ጀሪካን እንሸከም ነበር። አንበሳ የለ፣ ደረጃ የለ። ግራጫ ብረት ብቻ።

ደወልኩ፤ አላነሳችም። መልእክት ተውኩላት። «ጽጌ፣ ትናንት ሌላ ቦታ ነበርኩ። አሁን የብረቱ ቧንቧ ጋ ነኝ። ሳልነግርሽ የሄድኩት ፈርቼ ነው። ፊትሽን ማየት ፈርቼ። ነገ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነኝ፣ አርብ እበራለሁ።»

እስከ ምሽት ጠበቅሁ። አበባ ሻጯ ወንበር ሰጠችኝ።

ሐሙስ

ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም የለም። ከዚያ ከዘራ የያዘች ሽበታም ሴት ከመንገዱ ማዶ ቆማ ታየኛለች። አላወቅኋትም። ተሻግራ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች።

«ማክሰኞ እዚህ ነበርኩ» አለች። «እስኪመሽ።»

ማስረዳት ጀመርኩ፤ አንበሳው፣ ሆቴሉ፣ ምኑ ቅጡ። እጇን አነሳች።

«ቆይ። መጀመሪያ ጠጪ።»

ጎንበስ አልኩ። በአውራ ጣቷ ደፈነችው፣ ውሃው መነጽሬ ላይ ፈነዳ። ጽጌ ሳቀች። ይህንን ሳቅ የትም አላገኘሁትም፣ የእሷ ብቻ ነው። እዚያው ቧንቧው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ።

ነጠላውን ለበሰችው። የሔለንን ፎቶ አገላብጣ አይታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ስትነሳ ግን ክንዴን ያዘችኝ።

«ነገ በረራሽ ስንት ሰዓት ነው?»

«ከሰዓት።»

«ጠዋት እመጣለሁ። ሳትነግሪኝ እንዳትሄጂ።»

ሻንጣዬን እስካሁን አልዘጋሁትም።